ካልተሳካ የሥራ ቃለ መጠይቅ በኋላ፦ ከቅሬታ ወደ ዝግጅት

ለአንድ የሥራ ቃለ መጠይቅ የሚደረገው ዝግጅት ብዙ ነው። የትምህርት ማስረጃ ይተረጎማል፣ ይረጋገጣል፤ የሥራ ልምድ በአንድ ገጽ ይጠቃለላል፤ ልብስ ይተኮሳል፤ ዱዓ ይደረጋል። ቃለ መጠይቁ ራሱ ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ከዚያ በኋላ የሚደርስ «አልተመረጡም» የሚል አጭር መልእክት፣ ወይም ጭራሹኑ የማይመጣ መልስ፣ የወራት ተስፋን በአንድ ቀን ያጨልማል። ስለ ዝግጅቱ ብዙ ይመከራል፤ ከውጤቱ በኋላ ስላሉት ቀናት ግን የሚነገረው ጥቂት ነው።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እነዚህ ቀናት ይበልጥ ይከብዳሉ። ምክንያቱም በዚህ አካባቢ ሥራና የመኖሪያ ፈቃድ የተሳሰሩ ናቸው። ለምሳሌ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ እ.ኤ.አ. በ2022 የጀመረችው የሥራ ፈላጊዎች ቪዛ የሚሰጠው ለ60፣ ለ90 ወይም ለ120 ቀናት ነው። በእንዲህ ያለ ቪዛ የገባ አመልካች ያልተሳካ ቃለ መጠይቅ ሲገጥመው የሚያጣው አንድ የሥራ ዕድል ብቻ ሳይሆን የተቆጠሩ ቀናትንም ጭምር ነው። በዚያ ላይ አገር ቤት ያለው ቤተሰብ «ምን አሉህ?» ብሎ ይጠብቃል። ስለዚህ ሐዘኑ ከጥድፊያ ጋር ይደባለቃል። ከቃለ መጠይቁ መውደቅ ይልቅ ብዙ ሰው የሚጎዳውም ውጤቱን በራሱ ማንነት ላይ እንደተሰጠ ፍርድ ተቀብሎ፣ በዚያው ስሜት ውስጥ ሳለ በሚወስደው ውሳኔ ነው።

ለመሆኑ ቃለ መጠይቅ የሚለካው ምንድን ነው? በአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፖል ሳኬት የተመራ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳተመው ጥናት የተለያዩ የቅጥር መመዘኛዎች ከተቀጣሪው የኋላ የሥራ ብቃት ጋር ያላቸውን ተዛምዶ መርምሯል። ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ የሚቀርብበትና ነጥቡ አስቀድሞ በተወሰነ መስፈርት የሚሰጥበት ቃለ መጠይቅ ከመመዘኛዎቹ ሁሉ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። የእርሱም ተዛምዶ ቢሆን ከ0 እስከ 1 ባለው መለኪያ 0.42 ገደማ ነው። ጠያቂው እንደመጣለት የሚጠይቅበት ልማዳዊው ቃለ መጠይቅ ደግሞ 0.19 ብቻ አስመዝግቧል። ይህም ማለት በአንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ሰዓት የተሰጠ ግምት ስለ ሰውየው የሥራ ችሎታ የሚናገረው ከፊሉን ብቻ ነው። ያልተመረጠ ሰው በዚያ ቀን፣ በእነዚያ ጠያቂዎች ፊት፣ ለዚያ ቦታ አልተመረጠም፤ ከዚህ ያለፈ ትርጉም መስጠት ውጤቱ የማይሸከመውን ማሸከም ነው።

ይህን ማወቅ ግን ሐዘኑን በአንዴ አያጠፋውም። ሐዘኑን አምቆ ወደሚቀጥለው ቃለ መጠይቅ መሮጥም የራሱ ጉዳት አለው። ስቴፋኒ ስፔራ፣ ኤሪክ ቡርፋይንድና ጄምስ ፔንቤከር እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳተሙት ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅማል። ተመራማሪዎቹ ከሥራ የተሰናበቱ 63 ባለሙያዎችን ተከታተሉ። ከእነርሱ መካከል አንዱ ቡድን ለ5 ተከታታይ ቀናት በየቀኑ ለ20 ደቂቃ ስለ ስንብቱ የተሰማውን ሁሉ በወረቀት ላይ እንዲያሰፍር ተደረገ። ይህ ቡድን ከሌሎቹ ፈጥኖ ሥራ አገኘ። የሚያስገርመው፣ ከሌሎቹ የበለጠ ማመልከቻ በማስገባቱ አልነበረም። ጥናቱ ጥቂት ሰዎችን የያዘ ቢሆንም ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ቁጣውንና ቅሬታውን ቀድሞ ያወጣ ሰው ወደ ቀጣዩ ጠያቂ ፊት ይዞት አይገባም።

ስሜቱ ከሰከነ በኋላ ሁለተኛው ሥራ ይጀመራል። ይኸውም የተጠየቁትን ጥያቄዎች፣ ትዝታው ሳይደበዝዝ፣ እስከሚቀጥለው ቀን ድረስ መዝግቦ በሦስት መክፈል ነው። አንደኛው ክፍል አመልካቹ መልሱን የማያውቃቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ እነዚህ ትምህርት ወይም ንባብ ይሻሉ። ሁለተኛው ክፍል መልሱን እያወቀ በአግባቡ ያልተናገራቸው ናቸው፤ እነዚህ የሚሹት ልምምድ ነው። ሦስተኛው ክፍል ከአመልካቹ አቅም ውጪ የሆኑ ጉዳዮች ናቸው፤ ቦታው ለአገሬው ዜጋ ተወስኖ ሊሆን ይችላል፣ ወይም የድርጅቱ በጀት ተቀንሶ ይሆናል። በሦስተኛው ክፍል ስላለው ነገር ሌሊቱን ሙሉ መብሰልሰል ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሚውለውን ጊዜ መብላት ነው።

ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች ሁለተኛው ክፍል ልዩ ትኩረት ይገባዋል። ባደጉበት ባህል ራስን ማመስገን ነውር ነው፤ ጨዋ ሰው ሥራውን ሌላው ይናገርለታል እንጂ ራሱ አያወራም። በቃለ መጠይቅ ላይ ግን «ስለ ራስዎ ይንገሩን» ሲባል አንገት ደፍቶ «የታዘዝኩትን እሠራለሁ» ማለት ብዙ ጊዜ ትሕትና ሳይሆን ልምድ ማጣት ተደርጎ ይወሰዳል። መፍትሔው ጉራ አይደለም። ሁኔታን፣ ኃላፊነትን፣ ተግባርንና ውጤትን በቅደም ተከተል መናገር በቂ ነው። በመጋዘን የሠራ ሰው «ጎበዝ ነኝ» ከማለት ይልቅ «በመጋዘኑ ያለው ዕቃና መዝገቡ አይገጥሙም ነበር፤ ቆጠራው የእኔ ኃላፊነት ነበር፤ በየሳምንቱ መቁጠርና ልዩነቱን ወዲያው መመዝገብ ጀመርኩ፤ ከዚያ ወዲህ የጎደለው ዕቃ የት እንደገባ ይታወቅ ጀመር» ቢል ራሱን ሳያወድስ ሥራው ይመሰክርለታል። ይህንኑ በዓረብኛ ወይም በእንግሊዝኛ፣ ቋንቋውን በሚያውቅ ወዳጅ ፊት፣ ጮክ ብሎ መለማመድ ያስፈልጋል። በልብ የተዘጋጀ መልስ በአንደበት ሲወጣ ሌላ ነውና።

ለቀጣሪው ድርጅት ጨዋ መልእክት መላክም አይናቅ። ለተሰጠው ጊዜ አመስግኖ፣ ምን ቢሻሻል እንደሚበጅ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጠየቅ በቂ ነው። ሁሉም አይመልስም፤ የመለሰ ግን ለሚቀጥለው ጊዜ ስንቅ ይሰጣል። ዝምታንም ሁልጊዜ እንደ እምቢታ መቁጠር አይገባም። በሳዑዲ ዓረቢያ የሥራ ሕግ መሠረት በረመዳን ወር የሙስሊም ሠራተኞች የሥራ ሰዓት በቀን ከ6 ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ በዚህ ወር፣ በዒድ በዓላትና በበጋው ዕረፍት የቅጥር መልስ ቢዘገይ አያስደንቅም።

ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ የሚያሻው ከጥድፊያ ነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንዲሉ፣ ተስፋ የቆረጠ አመልካች ለደላላ የተመቸ ነው። «ቃለ መጠይቅ አያስፈልግም፣ ገንዘቡን ብቻ ክፈል» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በዚሁ የሐዘን ሳምንት ነው። ሕጉ ግን ግልጽ ነው። የኤምሬትስ የሥራ ሕግ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ቁጥር 33፣ አሠሪው የቅጥር ወጪን በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ከሠራተኛው እንዳይቀበል ይከለክላል። የሳዑዲ የሥራ ሕግ አንቀጽ 40ም ከውጭ የሚመጣ ሠራተኛን የማስመጫ፣ የኢቃማና የሥራ ፈቃድ ወጪ በአሠሪው ላይ ይጥላል። ሥራ ላይ ያለ ሰውም የተሻለ ቦታ ፍለጋ ላይ ሳለ አዲሱ ውል ሳይፈረምና ዝውውሩ ሳይፈጸም ከነበረበት መውጣት የለበትም። በተለምዶ «ሁሩብ» የሚባለው ከሥራ የመጥፋት ክስ ከተመዘገበበት፣ አንድ ያልተሳካ ቃለ መጠይቅ ከሚያስከትለው እጅግ የከፋ ችግር ውስጥ ይገባል። በሳዑዲ እ.ኤ.አ. ከማርች 2021 ጀምሮ ሠራተኞች በተወሰኑ ሁኔታዎች ያለ አሠሪያቸው ፈቃድ እንዲዛወሩ ያስቻለው ማሻሻያም የቤት ሠራተኞችን አላካተተም ነበር። ስለዚህ በቤት ሥራ ላይ ያለች እህት ወደ ሌላ ሥራ ለመሻገር ከማመልከቷ በፊት የራሷ ፈቃድ ምን እንደሚፈቅድላት ማጣራት ይኖርባታል።

ቤተሰብን በተመለከተ እውነቱን በልኩ መናገር ይሻላል። «ተቀጠርኩ» ብሎ ሸሽጎ ገንዘብ ተበድሮ መላክ ሸክሙን እጥፍ ያደርገዋል። «ይህኛው አልተሳካም፤ ሌላ እየሞከርኩ ነው» የሚለው ቃል ለወላጆች ከባድ ቢሆንም ልጃቸው ብቻውን እንዳይጨነቅ ያደርጋል። በአቅራቢያ ያሉ የአገር ልጆችም ከማጽናናት ያለፈ ነገር ሊያደርጉ ይችላሉ፤ ከዒሻ ሶላት በኋላ ግማሽ ሰዓት ተቀምጠው እንደ ጠያቂ ሆነው ቢያለማምዱት ከብዙ «አይዞህ» ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ሪዝቅ ከአላህ መሆኑን የሚያምን ሰው ሰበቡን ማድረስ የራሱ ድርሻ መሆኑንም ያውቃል። ሰበቡ ደግሞ በአንድ ቃለ መጠይቅ አያልቅም። ያልተሳካው ቀን ጥያቄዎቹ ተጽፈው፣ ድክመቱ ተለይቶ፣ ልምምዱ ተጀምሮ ካለፈ፣ ለሚቀጥለው ጠያቂ ፊት የሚቀርበው አመልካች ያው የቀድሞው ሰው አይሆንም።