ስም ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ፤ አንሺው በምን ይታወቃል?

ደብዳቤ በእጅ ጽሕፈቱ የማን እንደሆነ እንደሚለይ ሁሉ፣ ፎቶግራፍም ስም ሳይጻፍበት የአንሺውን ማንነት ሊናገር ይችላል። ካሜራ ብረትና መስተዋት ነው፤ ፊልሙም ከአንድ ፋብሪካ ወጥቶ ለሁሉም የሚሸጥ ዕቃ ነው። ታዲያ በአንድ ዓይነት መሣሪያ የሚሠሩ ሁለት ባለሙያዎች የማይመሳሰል ሥራ የሚያወጡት ስለምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ወደ ምዕራብ አፍሪካ፣ ወደ ማሊ ርእሰ ከተማ ወደ ባማኮ መመልከቱ ይጠቅማል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1991 በኒውዮርክ ከተማ የሃያኛውን መቶ ክፍለ ዘመን የአፍሪካ ጥበብ የሚያሳይ ኤግዚቢሽን ተከፍቶ ነበር። ከቀረቡት ሥራዎች መካከል ባማኮ ውስጥ የተነሡ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች ይገኙ ነበር። ተመልካቹን እጅግ ቢያስደንቁም፣ አንሺያቸው ያልታወቀ መሆኑ ብቻ ነበር የተገለጸው። አንድሬ ማኛን የተባለ ፈረንሳዊ የጥበብ ባለሙያ ባለቤታቸውን ፍለጋ ወደ ባማኮ ተጓዘ። እዚያም ማሊክ ሲዲቤ ለተባለ የከተማው ፎቶግራፍ አንሺ ሥራዎቹን አሳየው። ሲዲቤም የሰይዱ ኬይታ እጅ መሆኑን ነገረው። በዚያን ጊዜ ኬይታ ፎቶ ቤቱን ከዘጋ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ስሙ ከወረቀቱ ላይ ባይኖርም እጁ ግን አልጠፋም ማለት ነው። የራስ ስልት የሚባለውም ይኸው ነው።

ሰይዱ ኬይታ የፎቶግራፍን ሙያ በትምህርት ቤት አልተማረም። የመጀመሪያ ሥራው አናጢነት ነበር። በ1935 አጎቱ ከሴኔጋል ሲመለስ ኮዳክ ብራውኒ የምትባል ትንሽ ካሜራ አመጣለት። ፊልም ማጠብንና ማተምን በከተማው ከቀደሙት ባለሙያዎች ቀስመና በ1948 በባማኮ ኩራ ሠፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ባልራቀ ቦታ፣ የራሱን ፎቶ ቤት ከፈተ። ማሊ ገና በፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች።

የኬይታን ስልት የቀረጸው በአብዛኛው እጥረት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ፊልምና ወረቀት ውድ ስለነበሩ ለአንድ ደንበኛ የሚያነሣው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። እንግዲህ ሁለተኛ ዕድል የሌለው ሰው ቁልፉን ከመጫኑ በፊት ሁሉንም ነገር ማሰብ ግዴታው ነው፤ እጅ የሚያርፍበት ቦታ፣ የቀሚሱ እጥፋት፣ የአንገቱ ዘንበል ማለት አስቀድሞ መስተካከል ነበረበት። ብርሃኑ በግቢው የሚገኘው የቀን ብርሃን ነበር። ለጀርባ መጋረጃ መጀመሪያ የሰቀለውም የገዛ አልጋውን ልብስ ነው። ጥለት ያለው ቀሚስ የለበሰች ሴት ጥለት ባለው መጋረጃ ፊት ስትቀመጥ ጨርቅ ከጨርቅ ይዋሐድና ፊቷና እጆቿ ብቻ ጎልተው ይወጣሉ። መጋረጃውን በየሁለትና ሦስት ዓመቱ ይለውጥ ስለነበር፣ በስተርጅናው የአንድን ፎቶግራፍ ዘመን ከመጋረጃው ጥለት ለይቶ ለመናገር ችሏል።

ከዚህም ሌላ፣ ኬይታ ጉርድ ፎቶግራፍ ሲያነሣ ደንበኛውን እንደ መታወቂያ ወረቀት ፊት ለፊት ከማስደገፍ ይልቅ ትከሻውን ወደ ጎን ዘወር፣ ራሱን ጥቂት ዘንበል ያደርገው ነበር። ለሚፈልግ ኮትና ክራባት፣ የእጅ ሰዓት፣ ብዕርና ራዲዮ ያውስ ነበር። በመሆኑም ሰው ከፊቱ የሚቀመጠው መዝገብ ለማሟላት ሳይሆን፣ ራሱን ሊሆን በሚመኘው መልክ ለቤተሰቡና ለዘመዱ ለማሳየት ነበር። በቅኝ ተገዥነት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

በዚያችው ከተማ የሠራው የማሊክ ሲዲቤ መንገድ ግን ሌላ ነው። ሲዲቤ በባጋዳጂ ሠፈር ፎቶ ቤቱን የከፈተው በ1962፣ ማሊ ነፃ በወጣች በሁለተኛው ዓመት ነው። ወጣቱ በየሠፈሩ የጭፈራ ክበብ ያቋቁም ነበርና፣ እርሱም ትንሽ ካሜራና ፍላሽ ይዞ ሌሊቱን ከአንዱ ግብዣ ወደ ሌላው ይዘዋወር ነበር። ወደ ፎቶ ቤቱ ተመልሶም ያነሣውን አጥቦ፣ በትንንሹ አትሞ ለባለቤቶቹ ያሳይ ነበር። በ1963 ያነሣው የገና ሌሊት ፎቶግራፍ ዝነኛ ነው፤ ሙሉ ልብስ የለበሰ ወጣትና ጫማ ያላደረገች ልጃገረድ ግንባር ለግንባር ተቀራርበው፣ ዓይናቸውን ወደ እግራቸው ጥለው ይጨፍራሉ። ኬይታ ጸጥታን ሲጠብቅ ሲዲቤ እንቅስቃሴን ይከተል ነበር። ኬይታ በ2001 ዓረፈ። ሲዲቤ በ2007 በቬኒስ የጥበብ ኤግዚቢሽን ለዕድሜ ልክ ሥራው ወርቃማውን አንበሳ ሲሸለም፣ ይህን ክብር ያገኘ የመጀመሪያው ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ በ2016ም ዓረፈ።

በዚያው በ2007 ባማኮ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ፎቶግራፍ ጉባኤ የአገራችን ልጅ አይዳ ሙሉነህ ተሸላሚ ነበረች። በኋላ የታወቀችበት ስልት ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ቀለማት ጠንክረው የሚታዩበት፣ የሰዎቹም ፊት በቀለም የሚቀባበት ነው። ከኬይታም ከሲዲቤም ሥራ ጋር አይምታታም። እነሆ፣ ሦስቱም ሰውን አነሡ፤ ነገር ግን አንዱ የሌላውን መጋረጃ አልተዋሰም።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ስልት ተፈልጎ የሚገኝ ጌጥ አይደለም። ባለሙያው በእጁ ያለውን ብርሃን፣ ቦታና ገንዘብ አውቆ፣ አንድን ውሳኔ ደጋግሞ በመወሰን የሚያካብተው ልማድ ነው። የሌላውን መጋረጃ የሰቀለ ሰው መጋረጃውን እንጂ ዓይኑን አያገኝም። ስለሆነም ጀማሪው አንድ የብርሃን ሥፍራ መርጦ ለወራት በዚያ ቢሠራ፣ ያነሣቸውን ፎቶግራፎች በገበታ ላይ ዘርግቶ ሳያስበው የደጋገመውን ነገር ቢመረምር፣ ከሌላ የቀዳውን ለይቶ ቢተው ይበጀዋል። ዛሬ በስልክ ሺህ ጊዜ ማንሣት ለሚችለውም ወጣት ቢሆን፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያነሣ ያህል ማሰብ ትልቅ ትምህርት ነው።

በመጨረሻም መዘንጋት የሌለበት፣ ጉዳዩ የአንሺው ዝና ብቻ አለመሆኑ ነው። አንድ ወታደር ወደ ግዳጁ ከመሄዱ በፊት ለእናቱ የሚልከው ጉርድ ፎቶግራፍ፣ አንዲት የከተማ ሴት በሠርጓ ማግሥት የምታስቀምጠው ምስል፣ ለዘመዶቻቸው ብቸኛው መታሰቢያ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ያን ፊት በጥድፊያ የሚያነሣ ሰው ወረቀት ይሸጣል። ትከሻውን አቃንቶ፣ ብርሃኑን ጠብቆ፣ ሰውየውን እንደ ሰው ተመልክቶ የሚያነሣ ግን አደራ ይወጣል። ኬይታን ከብዙ ዓመታት በኋላ በሥራው ያስታወቀው ይኸው አደራ ነው።