ቲዩብ አምፕ ሲያጉረመርም

ቲዩብ አምፕ ያለው ጊታሪስት አንድ ቀን የማያውቀው ድምፅ ይገጥመዋል። ማንም ክር ሳይነካ ስፒከሩ ያጉረመርማል፣ ያፏጫል ወይም ይንጣጣል። ብዙዎች ይህን ሲሰሙ ወዲያው ብሎን ፈትተው ውስጡን መጎርጎር ይጀምራሉ። ቸኩለዋል። ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ ራሱ ጩኸቱ ይናገራል፤ ቴስተር የሚያስፈልገው በኋላ ነው።

ለምሳሌ ፌንደር ዴሉክስ ሪቨርብን እንውሰድ። በ1963 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ የተወለደ፣ 22 ዋት ብቻ ጉልበትና አንድ ባለ 12 ኢንች ስፒከር ያለው አምፕ ነው። ከኋላው ጎንበስ ብለው ቢያዩ ዘጠኝ ቲዩቦች ተደርድረዋል። ከቀኝ የሚጀምሩት ስድስቱ ትናንሾች የጊታሩን ደካማ ሲግናል ያጎላሉ፣ ሪቨርቡንና ቪብራቶውንም ያንቀሳቅሳሉ። ቀጥሎ ስፒከሩን የሚገፉት ሁለቱ 6ቪ6 አሉ። በግራ ጫፍ ያለው ደግሞ ኤሲውን ወደ ዲሲ ይቀይራል። ከትናንሾቹ አራቱ 12ኤኤክስ7 የሚባሉ ሲሆኑ የማጉላት ልካቸው 100 ነው። ጊታሩን የሚያጎላ ነገር ደግሞ አብሮት የገባውን ጩኸት ለይቶ አይተወውም።

መጀመሪያ ጊታሩን ይንቀሉት። አምፑ ጸጥ ካለ ጥፋቱ የኬብሉ፣ የጊታሩ ወይም የክፍሉ ነው። ሲንግል ኮይል ፒካፕ በአካባቢው ካለ ትራንስፎርመርና የመብራት ዲመር የሚመጣውን ሁሉ ይለቅማል፤ ጊታሩን ይዘው ዞር ሲሉ ድምፁ ከቀነሰ ሌላ ማስረጃ አያሻም። የጊብሰኑ መሐንዲስ ሴዝ ላቨር በ1950ዎቹ አጋማሽ ሁለት ጥቅል ሽቦዎችን አጣምሮ ሀምበከርን የሠራው ከዚህ ለመገላገል ነበር።

ጊታሩ ተነቅሎም ከቀጠለ ቮልዩሙን ወደ ዜሮ ያውርዱ። አብሮ ከወረደ ችግሩ ከቮልዩሙ በፊት፣ ማለትም ሲግናሉን መጀመሪያ በሚቀበለው ቲዩብ ዙሪያ ነው። ካልወረደ ከዚያ በኋላ ነው። በዚህች አንዲት እንቅስቃሴ የአምፑ ግማሽ ከጥርጣሬ ነጻ ወጣ።

ጉርምርምታው ቃና አለው፤ እዚህ ላይ ጊታሪስት ከኤሌክትሪክ ባለሙያው ይበልጣል። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ወደ ዲሲ ሲቀየር የሚተርፈው ሞገድ እጥፍ ሆኖ 100 ኸርዝ ይሆናል። ጊታሩን ሳይሰኩ ስድስተኛውን ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ይዘው ይምቱት፤ 98 ኸርዝ ነው። ጉርምርምታው ከዚህ ኖታ ጋር ከገጠመ አንድም የማጣሪያ ካፓሲተሮቹ ደርቀዋል፣ አለዚያም ሁለቱ 6ቪ6 እኩል አይሠሩም። አንድ ኦክታቭ ከወረደ ግን 50 ኸርዝ ነውና የቲዩቦቹን ማሞቂያ የሚመግበውን 6.3 ቮልት መስመር ወይም የኧርዝ ግንኙነቱን ይጠርጥሩ።

ሌሎቹን ድምፆች የሚለየው ቲዩብ እየነቀሉ መስማት ነው። ቧንቧ ሠሪ የሚያፈሰውን መስመር ለማግኘት መዝጊያዎቹን ተራ በተራ እንደሚዘጋ ማለት ነው። አምፑን ስታንድባይ ያድርጉ፣ ጨርቅ ይያዙ (ያቃጥላል)፣ የብረት ሽፋኑን አንሥተው ከቀኝ የመጀመሪያውን ነቅለው እንደገና ይክፈቱ። ድምፁ ካልተለወጠ ወደ ሁለተኛው ይለፉ። አንዱ ሲነቀል ጩኸቱ ከጠፋ በቦታው ጤነኛ መሆኑ የታወቀ ቲዩብ ይክተቱ። ጩኸቱ ከተመለሰ ቲዩቡ ንጹሕ ነው፤ የላላ የሶኬት ጥርስ ወይም ያረጀ ሬዚስተር ይፈለግ። በተለይ የድሮዎቹ የካርቦን ሬዚስተሮች ሲያረጁ መንጣጣት ይወዳሉ። ቪብራቶው ሲበራ «ቲክ ቲክ» የሚል ከሆነና ፍጥነቱ ከስፒድ ቁልፉ ጋር ከተቀየረ አምስተኛው ቲዩብ ዙሪያ ነው። ስድስተኛው ተነቅሎም ጉርምርምታው ካለ ትናንሾቹን ይተዉአቸው፤ ነገሩ 6ቪ6ዎቹ ወይም ኃይል አቅራቢው ጋ ነው። የብረት ሽፋኖቹን መልሰው መግጠም አይርሱ፤ ለጌጥ የተሠሩ አይደሉም።

ቲዩቦቹን በእርሳስ ቀስ ብሎ መምታትም ይረዳል። ቲዩቡ ትንሽ «ጡክ» ማለቱ ያለ ነው፤ እንደ ደወል ካቃጨለ ወይም ካፏጨ ግን ይቀየር። ዝቅ ያለ «ሽሽሽ» ግን ከማንኛውም ቲዩብ አምፕ አይጠፋም፤ እሱን ለማጥፋት የሚወጣው ገንዘብ የባከነ ነው።

ካፓሲተር መቀየር ሌላ ጉዳይ ነው። ዴሉክስ ሪቨርብ ውስጥ ከ400 ቮልት በላይ አለ፤ ካፓሲተሮቹም አምፑ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ እንኳ ይዘውት ሊቆዩ ይችላሉ። በሬዚስተር አፍስሶ በቴስተር ማረጋገጥ የማያውቅ ሰው ሻሲውን አይክፈት። ስፒከሩ ተነቅሎ አምፑን ማስጮህም የአውትፑት ትራንስፎርመሩን ሊያቃጥል ይችላል።

ከአሜሪካ አምፕ ላስመጣ ሰው ሁለት ነገር ይጨመር። 220ውን ወደ 120 የሚያወርደው ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም፤ ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ አምፕ በ50 ሲሠራ የራሱ ትራንስፎርመር ይበልጥ ይሞቃል፣ ብረቱም እየተንቀጠቀጠ ያጉረመርማል። ይህ ድምፅ የሚሰማው ከስፒከሩ ሳይሆን ከሳጥኑ ነው። ሁለተኛ፣ ማውረጃው ራሱ ኧርዝ ያለው መሆኑን ያረጋግጡ። ጉርምርምታን ለማጥፋት የስፒናውን ሦስተኛ እግር መቁረጥ በሙዚቀኞች ዘንድ የቆየ ልማድ ነው፤ ድምፁ አንዳንዴ በእርግጥ ይጠፋል። ነገር ግን ስኮትላንዳዊው ጊታሪስት ሌስ ሃርቪ በ1972 እ.ኤ.አ. ስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ ኧርዝ የሌለው ማይክሮፎን ነክቶ ሞቷል። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ይሞክሩ፣ ኧርዙን ግን አይቁረጡ።