በእጅ የሚያዘው አልትራሳውንድና ከምስሉ በኋላ ያለው መንገድ

አንዲት የገጠር ነፍሰ ጡር ጤና ጣቢያ ሄዳ «ስንት ወርሽ ነው?» ስትባል ብዙ ጊዜ ቀን ጠቅሳ አትመልስም። «የወር አበባዬ የቀረው ፍልሰታ ሲገባ ነው» ትላለች፤ ወይም «ከጥምቀት ወዲህ ነው»። አዋላጅ ነርሷ ከዚያ ተነስታ ትቆጥራለች፣ ሆዷን በእጇ ትዳስሳለች፣ በሜትር ትለካለች። ግምቱ በአንድ ወር ቢሳሳት ግን ያለ ጊዜው የመጣው ምጥ ጊዜውን የጠበቀ ይመስላል፤ ቀኑ ያለፈበት ጽንስም ገና ነው ተብሎ ይጠበቃል። በእጅ የሚያዝ አልትራሳውንድ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይግባ ሲባል የመጀመሪያው ጥቅም ይህ ነው፦ የእርግዝናውን ዕድሜ ማወቅ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። የሰው ጆሮ የሚሰማው በሰከንድ እስከ 20,000 ጊዜ የሚነዝር ድምፅ ነው። አልትራሳውንድ የሚልከው ግን በሰከንድ ሚሊዮኖች ጊዜ የሚነዝረውን ነው። ድምፁ በሰውነት ውስጥ በሰከንድ 1,540 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ውሃና ሥጋ፣ ሥጋና አጥንት በሚዋሰኑበት ቦታ ከፊሉ ይመለሳል። መሣሪያው የተመለሰውን ማሚቶ ተቀብሎ፣ የፈጀበትን ጊዜ አስልቶ ምስል ያወጣል። ሆድ ላይ ቀዝቃዛ ጄል የሚቀባው ቆዳ ላይ በሚያርፈው የመሣሪያው ክፍል (በፕሮቡ) እና በቆዳው መካከል የሚቀረው አየር ድምፁን ስለሚያግደው ነው። እንደ ራጅ ያለ ጨረር የለውም።

በዚህ ዘዴ ጽንስ ማየት አዲስ ነገር አይደለም። የግላስጎው ሐኪም ኢያን ዶናልድና ባልደረቦቹ ሥራቸውን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። አዲሱ ነገር የመሣሪያው መጠንና ዋጋ ነው። በተለመደው ማሽን ድምፁን የሚፈጥሩት ክሪስታሎች ናቸው፤ ለሆድ አንድ፣ ለልብ ሌላ ፕሮብ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው ባተርፍላይ አይኪው የተባለው መሣሪያ ወደ 9,000 የሚጠጉ ጥቃቅን ድምፅ ሰጪና ተቀባዮችን በአንድ የሲሊከን ቺፕ ላይ ደርድሮ አንዱ ፕሮብ ለሁሉም እንዲሆን አደረገ። ስልክ ላይ ይሰካል፣ በባትሪ ይሠራል፣ መብራት ሲጠፋም አይቆምም። ገበያ ላይ ሲውል ዋጋው 2,000 ዶላር አካባቢ ነበር። ሶፍትዌሩ ግን በየዓመቱ ክፍያ ይጠይቃል፤ የውጭ ምንዛሪ ለቸገረው አገር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

አዋላጇ በዚህ ፕሮብ የምትፈልገው ጥቂት ነገር ነው፦ ጽንሱ አንድ ነው ወይስ መንታ? ልቡ ይመታል? ጭንቅላቱ ወደ ታች ነው? የሽርት ውሃው በቂ ነው? የእንግዴ ልጁስ የት ተቀምጧል? የመጨረሻው ጥያቄ ሕይወት የሚወሰንበት ነው። የእንግዴ ልጁ የማኅፀን በር ላይ ተደፍቶ ከተገኘ ሴትየዋ በምጥ ልትወልድ አይገባም፤ በሩ መከፈት ሲጀምር ደም ይፈስሳል፣ ደሙን ቤት ውስጥ የሚያቆም ሰው የለም። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአምስተኛው ወር ዝቅ ብሎ የታየ የእንግዴ ልጅ ማኅፀን እያደገ ሲሄድ አብዛኛውን ጊዜ ከበሩ ይርቃል። ስለዚህ በስምንተኛው ወር ገደማ እንደገና መታየት አለበት። ይህን ያልሠለጠነ ሰው ፕሮብ ቢይዝ ወይ እናቲቱን በከንቱ ያስጨንቃል፣ ወይ በከንቱ ያረጋጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንድትነሣ መክሯል። ሳምንቱ የተወሰነው ጽንሱ ባደገ ቁጥር ዕድሜውን በልኬት ማወቅ እያዳገተ ስለሚሄድ ነው። በዚያው ዓመት በኢትዮጵያ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የእርግዝና ክትትል የጀመረችው ከአምስት ሴቶች አንዷ ብቻ እንደነበረች ያሳያል። በጤና ተቋም የተወለዱት ሕፃናትም ከመቶ 26 ያህሉ ነበሩ። መሣሪያው ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥም ሴትየዋ በሰባተኛው ወር ከመጣች ትልቁ ጥቅሙ አልፏል።

አንድ ጥናት ደግሞ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚሠራ ሁሉ ሊያስብበት ይገባል ብዬ አምናለሁ። በዴሞክራቲክ ኮንጎ፣ በጓቲማላ፣ በኬንያ፣ በፓኪስታንና በዛምቢያ ገጠሮች አዋላጆችና ነርሶች ሠልጥነው ነፍሰ ጡሮችን ሁለት ሁለት ጊዜ በአልትራሳውንድ አዩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲታተም አልትራሳውንድ በተሰጠባቸውና ባልተሰጠባቸው አካባቢዎች መካከል በእናቶችና በጨቅላዎች ሞት ልዩነት አልታየም፤ በጤና ተቋም የሚወልዱትም አልበዙም። ችግር ታይቶባቸው ወደ ሆስፒታል ከተላኩት ብዙዎቹ ሄደዋል፤ ጥፋቱን እናቶች ላይ ማላከክ አይቻልም።

ታዲያ ለምን? አንደኛ፣ እናቶችን በብዛት የሚገድለው ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም፣ የደም ግፊትና ኢንፌክሽን ነው፤ አልትራሳውንድ እነዚህን አስቀድሞ አያሳይም። ግፊቱን የሚያሳየው ተራው የግፊት መለኪያ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ ያሳስበኛል። ምስሉ የእንግዴ ልጁ በሩን መዝጋቱን ቢያሳይ መፍትሔው ኦፕሬሽን ነው። ኦፕሬሽን ሐኪም፣ ማደንዘዣ የሚሰጥ ባለሙያና የተዘጋጀ ደም ይፈልጋል። እነዚህ በሌሉበት የምስሉ ጥቅም ክፉውን ቀድሞ ማወቅ ብቻ ይሆናል።

ይህን ከሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ዛሬ 3.5 ኪሎ ብቻ የሚመዝን፣ በባትሪ የሚሠራ የራጅ መሣሪያ አለ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ምስሉን በሐኪም ፋንታ ኮምፒውተር ሊያነበው እንደሚችል ተቀብሏል። በራጁ የተጠረጠረው ሰው አክታው ይመረመራል፤ በሽታው ከተገኘበትም መድኃኒቱን በነጻ ከጤና ጣቢያ ይወስዳል። ከምስሉ ቀጥሎ ያለው ሕክምና እዚያው ቅርብ ስለሆነ መሣሪያው ይሠራል።

ስለዚህ ፕሮቡን ከእናቶች ማቆያ ለይቶ ማሰብ ስህተት ነው። መንታ ወይም በመቀመጫው የመጣ ጽንስ የታየባት ሴት ምጧ ከመምጣቱ ሳምንታት ቀድማ ሆስፒታል አጠገብ ባለ ማቆያ ብትገባ፣ በሌሊት በቃሬዛ ከመወሰድ ትድናለች። ምስሉ የሚሰጠው ጊዜ ነው፤ ጊዜውን የሚጠቀምበት ግን ማቆያው፣ አምቡላንሱና የኦፕሬሽን ክፍሉ ነው።

በዋሽንግተንም ሆነ በስቶክሆልም ሆናችሁ ለትውልድ ቀያችሁ ጤና ጣቢያ መሣሪያ ለመላክ ገንዘብ የምታዋጡ ወገኖች፣ ከመግዛታችሁ በፊት ጤና ጣቢያውን ጠይቁ፦ ማን ይሠለጥናል? ዓመታዊውን ክፍያ ማን ይከፍላል? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ችግር የተገኘባት እናትስ የት ትላካለች፤ የምትላክበት ሆስፒታል ደም አለው ወይ? መልሱ «የለውም» ከሆነ ገንዘቡን አስቀድማችሁ ለዚያ አውሉት።