በዶሮ ሥጋ የተጠበሰ የእሽግ ሩዝ፤ በጀርባው የሰፈረው ቍጥር እንዴት ይነበባል?

የእሽግ ምግብ የሚያስመጣ ነጋዴም ሆነ በችርቻሮ የሚሸጥ ባለሱቅ የዕቃውን ዋጋ፣ ክብደትና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ጠንቅቆ ያውቃል። ነገር ግን በእሽጉ ጀርባ በደቃቃ ፊደል የተጻፈውን የምግብ ይዘት ሠንጠረዥ አንብቦ ለደንበኛው ለማስረዳት የሚችለው ስንቱ ነው? ደም ብዛት ያለበት አንድ ሰው ወደ ሱቁ ገብቶ «በዚህ ሩዝ ውስጥ ጨው ይበዛበታልን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ በግምት የሚሰጠው መልስ ጕዳት ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ከቻይና ማዕድ ተነሥቶ ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ መደብሮች የማቀዝቀዣ ሣጥን ውስጥ የተለመደ የሆነውን፣ በዶሮ ሥጋ የተጠበሰውን ሩዝ ምሳሌ አድርገን ነገሩን እንመልከት።

ለማስረዳት ያህል 600 ግራም የሚመዝን አንድ እሽግ እንውሰድ። ቍጥሮቹን የመረጥናቸው እኛ ነን እንጂ የአንድ የታወቀ ፋብሪካ ዕቃ አይደሉም። በአሜሪካ ሥርዐት የተዘጋጀው ሠንጠረዥ «የአንድ ሰው ድርሻ 200 ግራም» ይልና ካሎሪ 300፣ ስብ 7 ግራም፣ ካርቦሃይድሬት 46 ግራም፣ ፕሮቲን 13 ግራም፣ ሶዲየም 700 ሚሊግራም ብሎ ይዘረዝራል እንበል። ካሎሪው ከየት እንደ መጣ ማንም ሊያሰላው ይችላል፤ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት ወይም ፕሮቲን 4 ካሎሪ፣ አንድ ግራም ስብ ደግሞ 9 ካሎሪ ይሰጣልና። ድምሩ ከተጻፈው ጋር በእጅጉ የማይቀራረብ ከሆነ፣ አስመጪው ላኪውን ማብራሪያ ሊጠይቀው ይገባል።

ዋናው ችግር ያለው ግን «ድርሻ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ሩዙን አሙቆ 200 ግራም በሚዛን ለክቶ የሚበላ ሰው አልታየም። ከሥራ ርቦት የገባ ሰው እሽጉን ሙሉውን ቢጨርሰው የሚያስደንቅ አይሆንም፤ በዚህ ጊዜ የበላው 300 ሳይሆን 900 ካሎሪ፣ 700 ሳይሆን 2,100 ሚሊግራም ሶዲየም ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ2,000 ሚሊግራም በታች ሶዲየም፣ ማለትም ከ5 ግራም በታች ጨው እንዲሆን ነው። እንግዲህ ሰውየው ቍርስና እራቱን ሳንቈጥር በአንድ ማዕድ ብቻ ወሰኑን አልፏል። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2016 ሠንጠረዡን ባሻሻለበት ደንብ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ድርሻ የሚይዝ እሽግ በአንድ ዐምድ የድርሻውን፣ በሌላ ዐምድ የሙሉውን እሽግ ይዘት ጐን ለጐን እንዲያሳይ ያዘዘው ይህን በማሰብ ነው። ከዚያ ከፍ ያለ እሽግ ግን ይህ ግዴታ ስለሌለበት ማባዛቱ ለገዢው የተተወ ነው።

በአውሮፓ ኅብረት ያለው ሥርዐት ደግሞ ሌላ ነው። በቍጥር 1169/2011 የወጣው ደንብ የምግብ ይዘት መግለጫን ከዲሴምበር 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታ ሲያደርግ፣ ስሌቱ በድርሻ ሳይሆን በ100 ግራም እንዲሆን፣ የሚጻፈውም ሶዲየም ሳይሆን ጨው እንዲሆን ወስኗል። ሶዲየምን ወደ ጨው ለመለወጥ በ2.5 ማባዛት ነው። ያው የእኛ ሩዝ በአውሮፓ ልጣፍ ላይ 150 ካሎሪ (ወደ 628 ኪሎ ጁል) እና 0.88 ግራም ጨው ተብሎ ይጻፋል። ከአሜሪካ የመጣውንና ከአውሮፓ የመጣውን እሽግ በአንድ መደርደሪያ ላይ አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጠ ባለሱቅ፣ በአንዱ ላይ «300» በሌላው ላይ «150» አንብቦ ሁለተኛው ቀለል ያለ ምግብ ነው ብሎ ለደንበኛው ቢናገር፣ ሳያውቅ ሐሰት ተናገረ ማለት ነው። በጨው በኩልም «700» እና «0.88» የተባሉት የአንድ ምግብ ሁለት አጻጻፎች ናቸው።

አሁን ወደ ዶሮው እንመለስ፤ ገዢው ገንዘቡን የሚከፍለው በእሽጉ ፊት ላይ ባየው የዶሮ ሥዕል ምክንያት ነውና። የተቀቀለ ነጭ ሩዝ በ100 ግራም ውስጥ 2.7 ግራም ያህል ፕሮቲን ሲኖረው፣ የተጠበሰ የዶሮ ደረት ሥጋ ግን 31 ግራም ያህል አለው። ስለዚህ በዚህ ምግብ የፕሮቲኑ ቍጥር የሥጋው ምስክር ነው። በምሳሌያችን እሽግ ውስጥ በጠቅላላው 39 ግራም ፕሮቲን አለ። ከዚህ ውስጥ 450 ግራም ያህል የሚሆነው ሩዝ 12 ግራም ቢሰጥ፣ የቀረው 27 ግራም ከ90 ግራም ካልበለጠ የዶሮ ሥጋ ሊገኝ ይችላል። ይኸውም ከእሽጉ 15 በመቶ መሆኑ ነው። እንቍላልና አተር ከተጨመረበት ደግሞ እነርሱም ፕሮቲን ስላላቸው የሥጋው መጠን ከዚህም ሊያንስ ይችላል። በአውሮፓ ደንብ በምግቡ ስም ውስጥ የተጠራው ነገር ከመቶ ስንት እንደ ሆነ መጻፍ ስላለበት ነገሩ በቀላሉ ይታወቃል፤ የአሜሪካው ሠንጠረዥ ግን ይህን ስለማያሳይ ከላይ ባለው ስሌት መጠቀም ይጠቅማል። በሁለቱም አገር የቅመማው ዝርዝር ከክብደቱ ከሚበልጠው ወደሚያንሰው ስለሚሄድ፣ ዶሮው በስንተኛ ተራ እንደ ተጠራ ማየትም አንድ መንገድ ነው።

ጨው ከየት መጣ የሚል ቢኖር፣ ዋናው ምንጭ ሩዙ የሚጠበስበት የሶያ ሶስ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ 900 ሚሊግራም ገደማ ሶዲየም ይይዛል። አንዳንድ ፋብሪካዎችም ሥጋው እንዳይደርቅ በጨው ውሃ ያርሱታል፤ ይህም በቅመማው ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ከእሽጉ ጋር ለብቻው በትንሽ ከረጢት የተያያዘ ሶስ ካለ፣ ቍጥሩ እርሱን ጨምሮ የተሰላ መሆን አለመሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ስለ ሩዙ ራሱ አንድ የቈየ ታሪክ እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ዓመታት ክርስቲያን አይክማን የተባለው የሆላንድ ሐኪም በጃቫ ደሴት ሳለ፣ ተፈትጎ የነጣ ሩዝ ብቻ የሚመገቡ ዶሮዎች እግራቸው ሲዝል፣ ያልተፈተገ ሲሰጣቸው ሲድኑ ተመለከተ። ቤሪ ቤሪ የተባለው በሽታ ከምግብ ጕድለት እንደሚመጣ የታወቀው ከዚህ ምርምር ተነሥቶ ነው፤ አይክማንም በ1929 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። ከገለባው ጋር የሚጠፋው ነገር ዛሬ ቫይታሚን ቢ1 ይባላል። በአሜሪካ የሚሸጠው ነጭ ሩዝ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ቫይታሚን፣ ኒያሲን፣ ፎሊክ አሲድና ብረት ተመልሶ ይጨመርበታል፤ የተጨመረበት ከሆነ በቅመማው ዝርዝር ተጽፎ ይታያል።

አስመጪው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር ይቀራል። በአሜሪካ ደንብ በምርመራ የተገኘው የካሎሪ፣ የስብ ወይም የሶዲየም መጠን በልጣፉ ላይ ከተጻፈው እስከ 20 በመቶ ቢበልጥ እንደ ጥፋት አይቈጠርም። ስለዚህ 700 የተባለው ሶዲየም 840 ሆኖ ቢገኝ ሻጩ በዚያ አገር አይጠየቅም። ከፍ ያለ ትእዛዝ የሚሰጥ ነጋዴ ከፕሮፎርማው ጋር የጀርባውን ልጣፍ ቅጂና የላቦራቶሪ ምርመራ ውጤቱን በ100 ግራም ተሰልቶ እንዲላክለት የሌተር ኦፍ ክሬዲቱን ሰነድ ከመክፈቱ በፊት በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ዕቃው በመርከብ ከተጫነ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ የማቀዝቀዣ ኪራይ እያስቈጠረ የሚጠበቅ ነውና።