ፈተናው አገር ቤት ሲገቡ ነው

ከመቶ ጃፓናውያን መካከል ክርስቲያኑ አንድ ገደማ ነው። ሰባኪ ጠፍቶ አይደለም። ኢየሱሳዊው ፍራንሲስ ዛቪየር ካጎሺማ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1549 ነው (ሌሎቹም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ታዲያ ክርስትናው ለምን አልሰፋም ሲባል ብዙ ሰው የሚያነሳው ስደቱን ነው። እውነት ነው፣ ስደቱ ከባድ ነበር፤ በ1597 ናጋሳኪ ላይ ከተሰቀሉት 26 ሰማዕታት መካከል የ12 ዓመት ልጅ ነበረ። ይሁንና በክርስትና ላይ የተጣለው ክልከላ ከተነሳ፣ ማለትም ከ1873 ወዲህ፣ 150 ዓመት አልፏል። የዛሬውን ወጣት ከቤተ ክርስቲያን የሚያርቀው ሌላ ነገር ነው። በእኔ እምነት ትልቁ ጉዳይ ያመነው ወጣት ከጎኑ እኩያ ማጣቱ ነው።

እኩያ ሲኖር ምን እንደሚሆን ሳፖሮ ላይ ታይቷል። አሜሪካዊው ዊልያም ክላርክ በ1876 ወደዚያች ቀዝቃዛ ከተማ የመጣው የግብርና ኮሌጅ ሊያቋቁም ነበር። ለተማሪዎቹ መጽሐፍ ቅዱስ ሰጣቸው፤ በማግሥቱ ዓመት የእምነት ቃል ኪዳን አስፈርሟቸው ወደ አገሩ ተመለሰ። የቆየው ስምንት ወር ገደማ ነው። ሥራውን የቀጠሉት ተማሪዎቹ ናቸው፤ ቀጥሎ የገባውን ክፍል ያሳመኑት እነሱ ነበሩ። ከአዲሶቹ አንዱ የ16 ዓመቱ ኡቺሙራ ካንዞ ነበር። የፈረመው ወዶ ሳይሆን ተገፍቶ እንደነበር በኋላ ራሱ ጽፏል። እሑድ እሑድ ከማደሪያ ክፍሎቻቸው አንዱን ቤተ ክርስቲያን ያደርጉታል፤ የዱቄት በርሜል ላይ ብርድ ልብስ ጣል ያደርጉና ተራ የደረሰው ከበርሜሉ ኋላ ቆሞ ይሰብካል። ቄስ አልነበራቸውም። በ1882 ከውጭ ሚስዮን ነጻ የሆነ የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን መሠረቱ። ኡቺሙራ ታላቅ የእምነት መምህር ሆነ። የክፍል ጓደኛው ኒቶቤ ኢናዞም ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ከማኅበሩ ምክትል ዋና ጸሐፊዎች አንዱ ነበር።

ዛሬ ክርስትናን ከአገራቸው ውጭ የሚያገኙ የጃፓን ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። ይህም የቆየ ነገር ነው፤ በ1877 በሳን ፍራንሲስኮ የነበሩ ጃፓናውያን ተማሪዎች የወንጌል ማኅበር አቋቁመው ነበር። በሰው አገር ያለ ወጣት ጥያቄ ይበዛበታል፤ ምን ይሉኛል ብሎ የሚፈራው ዘመድም አጠገቡ የለም። በጃፓንኛ የሚጸለይበት ጉባኤ ሲያገኝ ቋንቋም ወዳጅም በአንድ ቀን ያገኛል። ያነባል፣ ይጠይቃል፣ ያምናል፣ ይጠመቃል።

ከዚያ ትምህርቱ ወይም ሥራው ያልቅና አገሩ ይገባል። ብዙ ቦታ የሚጠብቀው ትንሽ ጉባኤ ነው፤ ምእመናኑም በአብዛኛው የአያቶቹ እኩዮች ናቸው። በፍቅር ይቀበሉታል። ግን ስለ ሥራ ፍለጋው፣ ከአለቃው ጋር እስከ ሌሊት ስለሚያመሽበት ግብዣ፣ ስለ ትዳር የሚያወራው እኩያ የለውም። ገና ተማሪ ከሆነም የትምህርት ቤቱ የስፖርት ቡድን እሑድን ይወስድበታል። ቤቱ ሲገባ ደግሞ የአያቶቹ መታሰቢያ የሆነው መሠዊያ አለ። በመሠዊያው ፊት ዕጣን ማጨስ ከሃይማኖት ይልቅ የልጅነት ወግ ሆኖ ይታያል፤ እምቢ ያለ ልጅ አያቱን የካደ ይመስላል። ይህን ብቻውን ተሸክሞ የሚዘልቅ ስንት ነው? ብዙዎች በዝምታ ይቀራሉ። ሚስዮኑ ግን የቆጠረው ጥምቀቱን ነው፤ ይህ አቆጣጠር ያሳዝነኛል።

በዚያ ላይ ሕዝቡ በሃይማኖት ላይ ያለው ጥርጣሬ አለ። በ1995 ኦም ሺንሪክዮ የተባለው ቡድን በቶኪዮ የምድር ውስጥ ባቡር መርዛማ ጋዝ ከለቀቀ ወዲህ ብዙ ወላጅ ሃይማኖት ሲባል ይደነግጣል። በ2022 የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ ተገደሉ፤ ገዳዩ እናቱ ለአንድነት ቤተ ክርስቲያን ሀብታቸውን ሰጥተው ቤተሰቡ መደህየቱን ምክንያት አደረገ። በዚያው ዓመት መጨረሻ መንግሥት ልጅን በማስፈራራት ወደ አምልኮ ማስገደድ በደል መሆኑን የሚገልጽ መመሪያ አወጣ። ይህ መመሪያ ትክክል ነው። በጃፓን ወጣት መካከል የሚያገለግል ሁሉ ልቡ ላይ ሊጽፈው ይገባል፤ ተገፍቶ የፈረመ ሁሉ እንደ ኡቺሙራ አይጸናም።

ደግነቱ ክፍተቱን ለመሙላት የተነሱ አሉ። ጄሲኤፍኤን የተባለው ኅብረት በውጭ ያመኑትን ከመመለሳቸው በፊት ያዘጋጃል፤ ከተመለሱም በኋላ እርስ በርስ ያገናኛቸዋል። ከ1947 ጀምሮ የሚሠራው ኬጂኬ ደግሞ በዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው ራሱ መጽሐፍ ቅዱስ ጥናቱን እንዲመራ ያደርጋል። ኬጂኬና የእኛው የኢትዮጵያ ተማሪዎች ኅብረት ኢቫሱ የአንድ ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ኅብረት አባላት ናቸው። በኢቫሱ ያለፈ አንባቢ የዶርም ጸሎትና የካምፓስ ጓደኛ ምን ያህል እንደሚያጸና አይነገረውም።

በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ የምትኖሩ አንባቢዎች፣ በክፍላችሁ ወይም በሥራ ቦታችሁ ጃፓናዊ ወጣት ሲያምን ብታዩ አደራ፦ አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት በከተማው የሚቀበለው አንድ እኩያ ፈልጉለት፣ በስልክም አገናኟቸው። ከሄደ በኋላም ደውሉለት።