እግዚአብሔርን ይበልጥ ለማወቅ እንዴት እንጸልይ?

ስንጸልይ ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣው ጤና፣ ሥራ፣ የልጆች ነገር ነው። ይህ ነውር የለበትም፤ ጌታ ራሱ የዕለት እንጀራችንን እንድንለምን አስተምሮናል። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት ለአማኞቹ አስቀድሞ የለመነላቸው እግዚአብሔርን በጥልቀት እንዲያውቁ ነው። ጸሎቱ ከምዕራፍ 1 ቁጥር 15 ጀምሮ ይገኛል። በመንፈሳዊ ማስተዋል ማደግ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ መማሪያ ማግኘት ይከብዳል።

የተጸለየላቸው ሰዎች ያመኑ ናቸው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 እንደሚነግረን ጳውሎስ በኤፌሶን፣ በጢራኖስ ትምህርት ቤት፣ ለሁለት ዓመት በየዕለቱ አስተምሯል። ይህን ያህል ቃል ለተሰማባት ከተማ ምእመናን እንኳ የልባቸው ዓይን እንዲበራ መጸለይ አስፈልጓል። ትምህርት ጆሮ ይደርሳል፤ ልብን የሚያበራው ግን መንፈስ ቅዱስ ነው። ስለዚህ ለዓመታት ቤተ ክርስቲያን የተመላለሰ ሰው ይህን ጸሎት ቢጸልይ እምነቱ ጎደሎ ነው ማለት አይደለም።

ጳውሎስ የሚጀምረው በምስጋና ነው፤ ስለ እምነታቸውና ለቅዱሳን ስላላቸው ፍቅር ያመሰግናል። ከዚያ ሦስት ነገር እንዲያውቁ ይለምናል።

የመጀመሪያው የመጠራታቸው ተስፋ ነው። እግዚአብሔር ለምን እንደ ጠራንና ወዴት እንደሚወስደን የተረዳ ሰው፣ ኑሮ ሲከብደው የሚይዘው አያጣም። ሁለተኛው በቅዱሳን ዘንድ ያለው የርስቱ ክብር ባለጠግነት ነው። ይህን የተረዳ ሰው ራሱንም ሆነ አጠገቡ የቆመውን ምእመን አይንቅም። ሦስተኛው ለሚያምኑት የሚሠራው የእግዚአብሔር ኃይል ታላቅነት ነው። ኤፌሶን የአርጤምስ ቤተ መቅደስ የነበረባት፣ አስማት የተስፋፋባት ከተማ ነበረች፤ ያመኑት አውጥተው ያቃጠሉት የአስማት መጽሐፍ ዋጋ 50,000 የብር ሳንቲም እንደ ደረሰ ተጽፏል። መናፍስትን ሲፈሩ ለኖሩ ሰዎች ጳውሎስ ክርስቶስን ከሙታን ያስነሣውን፣ ከሥልጣናት ሁሉ በላይ ያስቀመጠውን ኃይል አሳያቸው። ዛሬም ጠንቋይና ሟርት የሚያስፈራው አማኝ ይህን ልመና የራሱ ሊያደርገው ይገባል።

ታዲያ እየጸለዩ ማስተዋሉ እስኪመጣ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው? አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የምናገኘው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ለመስገድ ኢየሩሳሌም ድረስ ሄዷል፤ ሲመለስም በሠረገላው ላይ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ያልገባውን አልሸሸገም፤ ወንጌላዊውን ፊልጶስን አጠገቡ አስቀምጦ ጠየቀ። ትልቅ ባለሥልጣን ሆኖ ሳለ ለመማር አላፈረም። ለእኛም መንገዱ ይኸው ነው፤ ከማንበብ በፊት መለመን፣ ቀስ ብሎ ማንበብ፣ ያልገባንን የሚያውቅ አባት ወይም አስተማሪ መጠየቅ፣ በገባን ልክ ደግሞ መኖር።

ጸሎቱ መመለሱ በምን ይታወቃል? ሕልም ወይም ራእይ ማየት ግድ አይደለም። በፊልጵስዩስ ምዕራፍ 1 ጳውሎስ ፍቅራቸው ከእውቀትና ከማስተዋል ጋር እንዲበዛ፣ በቈላስይስ ምዕራፍ 1 ደግሞ በበጎ ሥራ ሁሉ እንዲያፈሩ ይጸልያል። እግዚአብሔርን ይበልጥ ያወቀ ሰው ለትዳር ጓደኛው፣ ለቤት ሠራተኛው፣ ለበደለው ጎረቤቱ የሚያሳየው ጠባይ ይለወጣል። እውቀቱ ሌላውን የሚያስንቀው ከሆነ ግን ገና የሚጎድለው አለ።

ጳውሎስ ይህን ሁሉ የለመነው በእስር ላይ ሆኖ፣ ለሌሎች ነው። በኤፌሶን መልእክት ምዕራፍ 3ም ተንበርክኮ የክርስቶስን ፍቅር ስፋትና ጥልቀት ከቅዱሳን ሁሉ ጋር እንዲያስተውሉ ይጸልይላቸዋል። ማንም ይህን ፍቅር ብቻውን አይጨርሰውም። ስለዚህ ለራሳችን ስንለምን የልጆቻችንን፣ የአስተማሪዎቻችንንና የተቀየምናቸውን ሰዎች ስም ጨምረን እንጥራ።