የሚታጠብ የቀዶ ሕክምና ጋውን እንዴት ይፈተናል?

በቀዶ ሕክምና ጊዜ ከሐኪሙ ሰውነት ተህዋሲያን ወደ ተከፈተው ቁስል እንዳይገቡ፣ የሕመምተኛውም ደም ወደ ሐኪሙ ቆዳ እንዳይደርስ የሚከላከለው ጋውኑ ነው። አንዳንዱ ጋውን አንዴ ተለብሶ ይጣላል። ሌላው ይታጠባል፣ በአውቶክሌቭ እንፋሎት ከተህዋሲያን ይጸዳል፣ እንደገናም ይለበሳል። ጥብቅ ክትትል የሚሻው ይኸኛው ነው፤ ምክንያቱም በታጠበ ቁጥር ጥቂት ጥቂት እየተለወጠ ይሄዳል።

ለብዙ ዘመን ጋውን የሚሠራው ከጥጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ዊልያም ቤክ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ከባልደረባቸው ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ የራሰ ጥጥ ባክቴሪያን እንደሚያሳልፍ አሳዩ። ፈሳሹ በክሮቹ መካከል ሲሰርግ ተህዋሲያኑን ይዞ ያልፋል። በአገራችን ብዙ የኦፕራሲዮን ክፍሎች የጥጥ ጋውን ዛሬም በሥራ ላይ ነው፤ ከሥሩ የፕላስቲክ ሽርጥ የሚለበሰውም ለዚሁ ነው። አሁን የሚመረተው የሚታጠብ ጋውን በአብዛኛው ጥቅጥቅ ተደርጎ ከተሸመነ ፖሊስተር ይሠራል። ውኃ የሚገፋ ኬሚካል ይቀባል፤ ደረቱና እጅጌው ላይ ደግሞ ፈሳሽ የማያሳልፍ ስስ ሽፋን ሊጨመርበት ይችላል።

አሜሪካ ውስጥ ጋውኖች «ፒቢ70» በሚባለው መስፈርት ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጣቸዋል። የመጀመሪያው ፈተና ቀላል ነው። ጨርቁ ዘመም ብሎ ይወጠራል፣ ከሥሩ አስቀድሞ የተመዘነ መምጠጫ ወረቀት ይደረጋል፣ ከ60 ሳንቲ ሜትር ከፍታም ግማሽ ሊትር ውኃ ይረጭበታል። ከዚያ ወረቀቱ እንደገና ይመዘናል። ክብደቱ ከ4.5 ግራም በላይ ካልጨመረ ጨርቁ ደረጃ 1ን ያልፋል፤ ለደረጃ 2 እና 3 ግን ጭማሪው ከ1 ግራም መብለጥ የለበትም። እነዚህ ሁለቱ የግፊት ፈተናም አለባቸው። በጨርቁ አንድ ገጽ ላይ የውኃ ግፊት ቀስ በቀስ እየጨመረ ይሄዳል፣ በሌላው ገጽ ሦስት ቦታ ጠብታ ሲታይ ልኩ ይነበባል። ደረጃ 2 የ20፣ ደረጃ 3 የ50 ሳንቲ ሜትር የውኃ ዓምድ ግፊት መቋቋም ይኖርበታል።

ደረጃ 4 የሚፈተነው በቫይረስ ነው። «ፋይ-ኤክስ174» የተባለው ቫይረስ ባክቴሪያን እንጂ ሰውን አያጠቃም። ስፋቱ 27 ናኖ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከኤች አይ ቪም ከሄፓታይተስ ቢም ያንሳል፤ እሱን ያገደ ጨርቅ እነሱን ያግዳል ተብሎ የተመረጠውም ለዚህ ነው። ቫይረሱ ያለበት ፈሳሽ ጨርቁን ነክቶ ለአንድ ሰዓት ይቆያል፤ ከዚህ ውስጥ አንዱን ደቂቃ በ13.8 ኪሎ ፓስካል ግፊት ይገፋል። ከዚያ የጨርቁ ሌላኛው ገጽ ይታጠብና እጣቢው ባክቴሪያ ላይ ይዘራል። ቫይረስ ከተገኘበት ናሙናው ወድቋል።

ደረጃው የሚወሰነው ከፊትና ከእጅጌው መካከል በደካማው ክፍል ነው፤ ስፌቱም ይቆጠራል። የእጅጌው ጫፍ ሹራብ ግን አይካተትም፣ ፈሳሽ ያሳልፋልና። ስለዚህ ጓንቱ ሹራቡን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት። ይህ ሲዘነጋ ደረጃ 4 ጋውን የለበሰ ሐኪም እንኳ የእጅ አንጓው ላይ ደም ያገኘዋል።

የአውሮፓው መስፈርት «ኢኤን 13795» በተጨማሪ የጨርቁን ጥንካሬ እና የሚያራግፈውን ብናኝ ይመረምራል። በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) ዘንድ የቀዶ ሕክምና ጋውን ከሁለተኛው ምድብ የሕክምና መሣሪያዎች ስለሚመደብ፣ ገበያ ከመግባቱ በፊት ማስረጃ ይቀርብለታል። የጨርቅ ፈተና ብቻውን እንደማይበቃ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ታይቷል። ካርዲናል ሄልዝ የተባለው ኩባንያ 9.1 ሚሊዮን የሚጣሉ ጋውኖችን ከገበያ ሰበሰበ፤ ከፊሎቹ ባልተመዘገበና የንጽህና ቁጥጥር በሌለው ቦታ ተመርተው ስለነበር ነው።

የሚታጠበው ጋውን አዲስ ሳለ ማለፉ ብቻ አይበቃም። በጨርቁ ላይ የቀረ የሳሙና ትራፊ ውኃን ይስባል፤ ሙቀትና ፍትጊያ ኬሚካሉን ያሳሳሉ፤ እንፋሎትም ሽፋኑን ያደክማል። ስለዚህ አምራቹ ጋውኑ ስንት ጊዜ ታጥቦ እንደሚያገለግል ይወስናል፣ እስከዚያም ድረስ ደረጃውን እንደሚጠብቅ ማሳየት አለበት። አንዳንዱ ጋውን ጠርዙ ላይ ትናንሽ ሳጥኖች ታትመውበታል፤ ላውንደሪው በታጠበ ቁጥር አንዱ ላይ ምልክት ያደርጋል። ሌላው ባርኮድ ወይም ቺፕ አለው። ከታጠበ በኋላ ከሥሩ መብራት ባለው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይታያል፤ መርፌ የወጋው ቀዳዳ ሁሉ ብርሃን ያሳልፋል። ቀዳዳው በሙቀት በሚጣበቅ ቁራጭ ይደፈናል እንጂ አይሰፋም፤ የልብስ ስፌት መርፌ ራሱ ሌላ ቀዳዳ ይከፍታልና። እንደ እኔ እምነት ከፈተናዎቹ ሁሉ ወሳኙ ይህ የላውንደሪው ሥራ ነው፤ ሆኖም ትንሽ ትኩረት የሚሰጠው እሱ ነው።

በአገራችን የሕክምና መሣሪያዎችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። የሆስፒታል ግዢ ክፍሎችም ድርሻ አላችሁ። ሻጩ የአዲሱን ጋውን የፈተና ውጤት ሲያቀርብላችሁ፣ ከመጨረሻው እጥበት በኋላ የተገኘውን ውጤትም ጠይቁት። ለላውንደሪ ሠራተኞቻችሁም የእጥበት መቁጠሪያ መዝገብና ባለ መብራት ጠረጴዛ አዘጋጁላቸው።